ከምድር ቤት የወጣው ባርኔጣ

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቨርኔታ ፑልያም ነጭ ጓንት ባጠለቀው እጇ «እዚህ» ብላ ካሳየችህ፣ የምትቀመጠው እዚህ ነው። ባለፈው እሁድ አንድ ከአትላንታ የመጣ ጠበቃ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ከፊት ካልተቀመጥኩ ብሎ ሊያልፋት ሞከረ። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ግራ እጇን ጨብጣ ከወገቧ ኋላ እንዳደረገች፣ በቀኟ ከኋላ ሦስተኛውን ወንበር አሳየችው። ሰውየው ቀና ብሎ አያትና ሄዶ ተቀመጠ። እኔ ከጎን ቆሜ ሳቄን ዋጥኩት። በዚያ እጅ ስንቱ ሲቀመጥ አይቻለሁ!

ዕድሜዋ ስድሳ ሞልቷል። ደርሃም ከተማ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ወጥታለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ትወዳለች፣ በካርታ ጨዋታ ስትሸነፍ ታኮርፋለች። በስሟ የተሰየመ መንገድ የለም። እኔን ግን በዚህች ከተማ ከምታውቀው ሰው ትልቁን ጥራ ብትሉኝ የምጠራው እሷን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ ካልኩ ደግሞ የራሴንም ጉድ አብሬ ማውጣቴ ነው፤ ይውጣ።

እኔ ጁልያን የጥርስ ሐኪሙ የዶክተር ራውንትሪ ልጅ ነኝ። ከሐዲዱ ማዶ ላሉት ነጮች ሁላችንም ጥቁሮች ነበርን፣ አለቀ። ሱቅ ስንገባ ጠባቂው የሐኪሙንም ልጅ የጠራጊውንም ልጅ እኩል ነበር የሚከተለው። እርስ በርሳችን ስንሆን ግን ሌላ ሚዛን ነበረን። እኛ የኮረብታው ልጆች ነን፤ አባቶቻችን ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የቀብር ድርጅት ባለቤት፣ የኢንሹራንስ ሰው። ትምህርት ሲዘጋ ባሕር ዳር እንሄዳለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በተመረጡ ልጆች ማኅበራችን ተሰብስበን የሹካ አያያዝ እንማራለን። ከትምባሆ መጋዘኖቹ ሥር ያሉት ደግሞ የታች ሰፈር ልጆች ናቸው። እናቴ አዲስ ልጅ ቤታችን ሲመጣ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ኬክ መቅረብ አለመቅረቡን የሚወስነው መልሱ ነበር።

ቨርኔታና እናቷ ሚስ ሎሪን ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን የመጡት የታች ሰፈሯ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አውራ ጎዳና ሊያልፍባት ስትፈርስ ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አንድ እሁድ ጠዋት መዝሙር መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ። አቅፈን ተቀበልናቸው፣ ዘመርንላቸው፣ አለቀስንላቸው። በሳምንቱ ሚስ ሎሪንን ማድቤት አስገባናት።

ማድቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ልክ ከጸሎት አዳራሹ ወለል ሥር። ሚስ ሎሪን ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ስታበስል ትሰነብትና እሁድ ደግሞ ለእኛ ዶሮ ትጠብሳለች፣ ማካሮኒ በአይብ ትጋግራለች። ማንም አላስገደዳትም። ይህን እናቴ ደጋግማ ትለው ነበር፦ «ሎሪንን ማን ከለከላት? በሩ ክፍት ነው፤ ትውጣ።» እውነቷን ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ዶሮው ግን ራሱን አይጠብስም። ሚስ ሎሪን ጨርሳ እጇን እስክትታጠብ ድረስ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ በሰው ካልሆነ በካፖርት። ከማድቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከምስማር ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰማያዊ ባርኔጣ ተሰቅሎ ነበር፤ ከፊቱ ስስ መረብ ያለው፣ የሚያምር። ላይ ቤት ስትወጣ ልታደርገው የገዛችው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያው ምስማር ላይ ነበር።

ከትንሿ ቤተ ክርስቲያን ጋር ወንድም ጎይንስም መጥቷል። ወንድም ጎይንስ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ፣ መቁረጫው የግራ እጁን ሁለት ጣት የበላበት፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። በአገልግሎት ጊዜ ሰውን እየመሩ የሚያስቀምጡትን የወጣት አስተናጋጆች ነገር ለእሱ ሰጡት፤ እኛ የኮረብታው ልጆች ፎቶ የምንነሳበትን ነገር። ለወንድም ጎይንስ ግን አስተናጋጅነት ፎቶ አልነበረም፣ ሕግ ነበር። አስተናጋጅ ቦታው ላይ ከቆመ አይናገርም፤ በእጁ ብቻ ነው። ጣት ስታነሳ ስንት ወንበር እንዳለ ትጠይቃለህ ወይ ትመልሳለህ። ደረትህ ላይ ጭብጥ ካደረግህ ሞልቷል ማለት ነው። መዳፍህን ልብህ ላይ ካሳረፍክ ሁሉም ተቀምጧል፣ በሩ ይዘጋ። ቀኝ እጅህን ግራ ትከሻህ ላይ ካደረግህ ደግሞ ደክሞኛል፣ ተኩኝ ነው፤ ያን ጊዜ በቅርብ ያለው አስተናጋጅ ምክንያት ሳይጠይቅ መጥቶ ይተካሃል። አንዴ ከተተካህ ወደ ምድር ቤት ወርደህ ታርፋለህ፤ አገልግሎቱ እስኪያልቅ አትመለስም። የመሃሉን መተላለፊያ የያዘው የሁሉ አለቃ ነው። እሱ ያሳየህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፤ እሱ ሰው እየመራ መተላለፊያው ላይ ሳለ ፓስተሩ እንኳ አይጀምርም።

ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ነበረን። ወንድም ጎይንስ በግራው «አምስት» ሲያሳይ ሦስት ጣት ስለሚወጣ እኛ እንስቅ ነበር። ቨርኔታ አንድም ቀን አልሳቀችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ። አንድ ሐሙስ ልተርባት ብዬ፣

«ቨርኔታ፣ ይሄ ጓንትሽ ዶሮ ዶሮ ይሸታል እኮ!» አልኳት።

«ያንተ ደግሞ አፍ አፍ ይሸታል። አባትህ ስንት መንጋጋ ነቅሎበት ነው የሰጠህ?»

ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንፈራፈሩ። ወንድም ጎይንስ «ጸጥ! አስተናጋጅ አፍ የለውም!» ብሎ አንባረቀ።

የእኛ ሁሉ አለቃ ተደርጋ የምትታየው ግን ካሚል ደንስተን ነበረች፤ የቀብር ድርጅቱ ባለቤት ልጅ። ካሚል ክፉ ልጅ አልነበረችም። ቆንጆ ነበረች፣ ሁሉም ነገር ገና ሳትጠይቅ ይመጣላታል፤ ስለዚህ ለሰውም እንደዚያው የሚመጣ ይመስላት ነበር። ሐሙስ ፒያኖ ነበራት፣ ወይ ቴኒስ። ከአራት ልምምድ አንዱን ብትመጣ ነው።

የወጣቶች ቀን ኅዳር ላይ ነው የሚከበረው፤ እኔ የምነግራችሁ የ1979ኙን ነው። ከሌሎች ከተሞች እንግዶች ይመጣሉ፤ የአስተናጋጆችን እጅ ለማየት ብለው የሚመጡ ሦስት ስመ ጥር ሽማግሌዎችም ነበሩ። ከወሩ መጀመሪያ በአንዱ ሐሙስ ወንድም ጎይንስ ሁላችንንም በዓይኑ ለካንና «መሃሉን ቨርኔታ ትይዛለች» አለ። የተከራከረው የለም፤ ማን እንደምትበልጥ ሁላችንም እናውቃለን።

እሷ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ እናቷ ከሥራ መልስ ማድቤቱን ለእሁድ ታሰናዳ ነበር። እኔ በረዶ እንዳመጣ ተልኬ ከኋላዋ ስደርስ ስትጮህ ሰማኋት።

«እማ፣ ባርኔጣሽን አውርጂ! በወጣቶች ቀን መሃሉን የምይዘው እኔ ነኝ! ራሴ ወስጄ አስቀምጥሻለሁ፣ ከፊት!»

«ዶሮውስ?»

«ዶሮው የት ይሄዳል? ሞቷል እኮ!»

«ሂጂ ወዲያ፣ ቀልደኛ» አለች ሚስ ሎሪን። ዘወር ስል ግን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ባርኔጣውን ከምስማሩ አውርዳ የላስቲኩን አቧራ እፍ ስትል አየኋት።

ዝግጅቱን የምትመራው እናቴ ነበረች። በሳምንቱ ሳሎናችን ውስጥ ወረቀት ስትጽፍ ስሞቹን አነበብኩ፤ መሃሉ ላይ ካሚል ደንስተን ይላል።

«እማዬ፣ ወንድም ጎይንስ እኮ ቨርኔታ ብሏል።»

«የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ይመጣል ጁልያን። የደንስተንን ልጅ ትቼ ማንን ላቁም? ይህቺ ልጅ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

«የሚስ ሎሪን ልጅ ናታ!»

«እኮ!» አለችና ብዕሯን ከደነች።

ቨርኔታን ወደ ምድር ቤት በሚያወርደው ደረጃ በር ላይ መደቧት፤ «ደረጃውን ስለምታውቀው» ተባለ። ወንድም ጎይንስ ሄዶ ተቆጣ፣ ወረቀቱ ታትሟል አሉት። ሚስ ሎሪን ባርኔጣውን መልሳ ሰቀለችው። «ተይው የኔ ልጅ፣ ከታችም ይሰማል» አለቻት። ቨርኔታ ይህንን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ላጽናናት ብዬ «አይዞሽ፣ የደረጃው በርም ጥሩ ቦታ ነው» አልኳት።

«ጥሩ ከሆነ ቀይረኛ!» አለችኝ። የእኔ ቦታ ከፊት በቀኝ በኩል ያለው መተላለፊያ ነበር፤ ለፎቶ ሁለተኛው ምርጥ ቦታ። የጫማዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ።

እሁዱ ብርዳም ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጸጉራም ካፖርት፣ የወንዶች ባርኔጣ፣ ሽቶ። ካሚል መሃል ላይ ቆማ አሸብርቃለች፤ ፎቶ አንሺው አንድ ጉልበቱን አንበርክኮላታል። መዘምራኑ ጨርሰው ተቀመጡ፣ ፓስተሩ ለጸሎት ተነሳ። ካሚል አሁን መዳፏን ልቧ ላይ አሳርፋ በሩ እንዲዘጋ ምልክት መስጠት አለባት። ወደ ካሜራው ፈገግ አለችና ቀኝ እጇን ግራ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

አንድ ስንዝር ብቻ ነው ከፍ ያለው። እኔ ክው አልኩ። ደክሞኛል ተኩኝ አለች እኮ፣ በሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት! ለእሷ ቅርቡ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጣሪያውን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ፣ ምንም ያላየ መሰልኩ።

ያን ጊዜ ከደረጃው በር በኩል የጫማ ድምፅ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ የተመጠነ እርምጃ። ቨርኔታ ግራ እጇ ከኋላዋ፣ አገጯ ቀና እንዳለ መጥታ ካሚል ፊት ቆመች፣ ጎንበስ አለችና ቀኝ መዳፏን ዘረጋች። ተክቼሻለሁ ማለት ነው።

«ምን ሆነሻል? ወደ ቦታሽ ሂጂ!» አለች ካሚል በሹክሹክታ።

አስተናጋጅ ተናገረች! ሦስቱ ሽማግሌዎች እኩል ዞሩ። ቨርኔታ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም፤ መዳፏም አልታጠፈም። ካሚል ግራ ገብቷት ወንድም ጎይንስን ከኋላ በኩል ብታየው፣ ያንን ባለ ሦስት ጣት እጁን አንስቶ ወደ ምድር ቤቱ በር አሳያት። ያን ቀን በዚያ እጅ የሳቀ የለም። ካሚል የቨርኔታን መዳፍ ነካች፣ ቀጥ ብላም ሄደች። ጭንቅላቷን አልደፋችም፤ ይህን አልክድባትም። የካሜራው ብርሃን ብልጭ ሲል መሃል ላይ የቆመችው ቨርኔታ ነበረች።

ከታች የሆነውን የነገረችን ራሷ ካሚል ናት። የእረፍት ክፍሉ ከማድቤቱ ጋር አንድ በር ነው። ገብታ እንባዋን ለቀቀችው። ሚስ ሎሪን ሹካ እንደያዘች ሮጣ መጣች።

«ምነው የኔ ቆንጆ? ማን ነካሽ?»

«ልጅሽ ናት! ቦታዬን ወሰደችብኝ!»

«የትኛውን ቦታ?»

«መሃሉን ነዋ!»

«መሃሉን?» አለች ሚስ ሎሪን፣ ሹካውን እንደያዘች። «አሁን? አሁን መሃል ላይ ቆማለች ነው የምትዪኝ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!»

ሚስ ሎሪን ሽርጧን በራሷ ላይ አውልቃ ወንበር ላይ ጣለች። ሹካውን ለካሚል አስጨበጠቻት፤ ለዚያውም ካሚል ነጭ ጓንቷን ሳታወልቅ። «ዶሮውን ገልብጪልኝ። ማካሮኒውን ከምድጃው አውጪልኝ፤ አትርሺ!» ብላ ባርኔጣውን ከላስቲኩ አወጣችው። ካሚል እያለቀሰች «ጠምሟል» አለቻትና በሌላኛው እጇ አቃናችላት። ለምን እንዳቃናችላት እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ሚስ ሎሪን በደረጃው አልመጣችም። በጓሮ ወጥታ፣ ባርኔጣዋን ከነፋሱ በእጇ ይዛ፣ ሕንጻውን ዞራ በትልቁ የፊት በር ገባች። ከስድስት ዓመት በፊት ከመጣችበት እሁድ ወዲህ በዚያ በር ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጸሎቱ አብቅቷል። ቨርኔታ እናቷን አየቻት። ሄዳ ተቀበለቻት፣ ከፊቷ እየመራች መሃል ለመሃል እስከ አዳራሹ ግማሽ አመጣቻትና ቆመች። ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ ጥላ አንድ ጣት አነሳች፤ በአንተ በኩል የአንድ ሰው ቦታ አለ?

በእኔ በኩል ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር የእኛ ነው። ስድስት ሰው ይይዛል። የተቀመጡት እናቴና የካሚል አባትና እናት ናቸው፤ በቀረው ላይ ሦስት ካፖርት ተዘርግቷል። እኔም ጭብጤን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ሞልቷል። እጄ ራሷ ሄዳ ነው ልበላችሁ? አልልም። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ቨርኔታ ጣቷን አላወረደችም።

እናቷ ከኋላዋ በሰማያዊ ባርኔጣ ቆማለች። መዘምራኑ ተነስተው ቆመዋል፣ ፓስተሩ ቆሟል፤ አስተናጋጅ ሰው እየመራች መተላለፊያው ላይ ስላለች ማንም አይጀምርም። አንገት ሁሉ ወደዚያ ዞረ፣ ከዚያም ወደ እኔ። ዓይኗ ላይ ቁጣ ቢኖር እችለው ነበር፤ አልነበረም። የምትጠይቀኝ ወንበር እንዳለ ብቻ ነው፣ እኔም እንዳለ አውቃለሁ። በመጨረሻ ጭብጤን ፈታሁና አንድ ጣት አነሳሁ።

መጣች። ከእናቴ አጠገብ ቆማ መዳፏን ወደ ጎን ገፋ አደረገች፦ ጠጋ በሉ። እናቴ ፊት ለፊቷን እያየች እንደ ሐውልት ደረቀች። ከዚያ ወደ ሚስ ሎሪን ዘንበል አለችና በሹክሹክታ፣

«ሎሪን፣ ዶሮውስ?» አለቻት።

«ካሚል ይዛዋለች» አለች ሚስ ሎሪን፣ ረጋ ብላ።

«የእኛ ካሚል?» አለ የካሚል አባት፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ።

እናቴ ካፖርቷን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ሚስ ሎሪን ተቀመጠች። ባርኔጣው ከኋላዋ የነበሩትን ሁለት የባንክ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ጋረዳቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከኋላ «አሜን!» አለ፤ ቀጥሎ ከሰገነቱ ላይ የታች ሰፈር ሰዎች «አሜን!» ብለው እግራቸውን መቱ፤ ቀጥሎ መዘምራኑ ገቡበት። ያን ቀን እንደተዘመረው ያለ መዝሙር ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ቨርኔታ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ግራ እጇን ከኋላዋ ጨብጣ ቆመች። ፊቷን ብታዩ ምንም አይልም። ልቤ ግን በደስታ ሊወጣ ደረሰ፤ በራሴ እያፈርኩ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማካሮኒው ከሥሩ አረረ፤ ጥቁሩን እየላጥን በላነው። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው «አንተ ነህ ጣትህን ያነሳኸው» አለችኝ። «ወንበሩ ባዶ ነበር እማዬ» አልኳት፤ ወሬው በዚሁ አለቀ። ወንድም ጎይንስ በሽማግሌዎቹ ምስክርነት ታጥቆ ፓስተሩ ዘንድ ገባና ሁለት ነገር አስወስኖ ወጣ። የአስተናጋጅ ቦታ በሐሙስ ልምምድ ብቻ ይሰጣል፤ ማድቤቱ ደግሞ በተራ ይሆናል፣ የኮረብታውም ሴቶች ጭምር። እናቴ ተራዋ የደረሰ ቀን የጠበሰችውን ዶሮ ማኘክ የቻለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሚስ ሎሪን ብቻ «ይጣፍጣል» ብላ ሁለተኛ ጠየቀች፣ ዓይኗ እየሳቀ። ካሚል ፒያኖውን ወደ ረቡዕ አዛውራ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀመረች። ያስተማረቻት ቨርኔታ ናት። ይኸው እስከ ዛሬ ሲጣሉና ሲታረቁ ይኖራሉ።

ባለፈው እሁድ ያ ጠበቃ ከተቀመጠ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ቨርኔታን ያዝኳት።

«አሁን እንኳ እውነቱን ንገሪኝ። ካሚል ተሳስታ እንደሆነ አላወቅሽም?»

«አንተ ትቀርባት አልነበር?» አለችኝ። «አንተስ ለምን አልሄድክም?»

ዓይኔን ወደ ጫማዬ አወረድኩ። እሷ ግን ክንዴን መታ አድርጋኝ ሳቀችና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ያኔ በወጣቶች ቀን፣ አገልግሎቱ እንዳለቀ፣ ሚስ ሎሪን የፊት ለፊቱ ደረጃ ላይ ቆማ ሰው ሁሉ ባርኔጣዋን ያደንቅላት ነበር። ቨርኔታ እየሮጠች መጣች።

«እማ፣ እንዴት ነበር?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ከታች ሆኜ የምሰማው የእግራችሁን ምት ብቻ ነበር» አለች ሚስ ሎሪን። «ለካስ መዝሙሩ ቃል አለው።»

በዚያ ሁሉ ሳምንት ያላለቀሰችው ቨርኔታ ያን ጊዜ አለቀሰች። ጓንቷ እንዳይቆሽሽ መጀመሪያ አወለቀችው።